እባቡን ሳይጎዱ፣ እርስዎም ሳይነደፉ

ጥያቄ፦ «ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ የምሠራ የ27 ዓመት የግብርና ልማት ሠራተኛ ነኝ። በአካባቢያችን እባብ በታየ ቁጥር በዱላና በድንጋይ ይቀጠቀጣል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን አልወድም፤ ባለፈው ዓመት ከጎረቤት ጎታ ሥርና ከመኖ ማስቀመጫችን ሦስት እባቦችን በእጄ ይዤ ወንዝ ዳር ወስጄ ለቅቄአለሁ። አንደኛው እጄን ነክሶኝ ትንሽ ደምቼ ነበር፤ ምንም አልሆንኩም። ከዚያ ወዲህ መንደርተኛው መድኃኒት ያለኝ እየመሰለው በየቤቱ ይጠራኛል፤ እናቴ ደግሞ እንቅልፍ አጥታለች። ስልክ ላይ ሰዎች መርዛማውን እባብ ሳይቀር እንደ ድመት ሲያሻሹት አያለሁ። እኔም እባብን ሳላስቆጣው፣ ሳልጎዳውና ሳልነደፍ በእጄ የምይዝበትን ዘዴ እንዲነግሩኝ እጠይቃለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ከኩበት ክምር ውስጥ ያገኘሁትን አንድ ቡናማ እባብ ደግሞ በጀሪካን አስቀምጬ ወተት እያጠጣሁት ነው፤ ምን ባደርገው ይሻላል?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ደስ አለኝ፤ እባብ ሲያይ ድንጋይ የማያነሣ ሰው በአገራችን በቀላሉ አይገኝምና። ሁለተኛ ሳነበው ግን «ምንም አልሆንኩም» ከሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። እርስዎ ይህን የጻፉት ዘዴው ሊያዝልዎት እንደ ተቃረበ ማስረጃ አድርገው ነው። እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ያህል ባዮሎጂ ያስተማርኩ፣ ከእባብም ጋር ከአንድ ጊዜ በላይ ያልተገባ ድፍረት የፈጸምኩ ሰው እንደ መሆኔ፣ እስከ ዛሬ ያዳነዎት የእጅዎ ልስላሴ ሳይሆን የያዟቸው እባቦች ዓይነት መሆኑን ሳልሸሽግ ልነግርዎት ይገባኛል።

ከጎታ ሥር፣ ከመኖ ማስቀመጫ፣ ከኩበት ክምር የሚገኘው ቡናማ ወይም ግራጫማ፣ ቆዳው ለስላሳ፣ ማታ ማታ የሚንቀሳቀስ እባብ አብዛኛውን ጊዜ አይጥ ፍለጋ የሚመጣ መርዝ የሌለው የቤት እባብ ነው። ሲያዝ ይነክሳል፤ ንክሻውም ጭረት ትቶ ጥቂት ደም አፍስሶ ያልፋል። የእርስዎም ታሪክ ይህንኑ ይመስላል። ነገር ግን መርዛማ እባብ የነደፈውም ሰው አንዳንድ ጊዜ «ምንም ሳይሆን» ይቀራል፤ እባቡ መርዙን የሚያዘጋጀው ለአደን በመሆኑ ራሱን ለመከላከል ሲነድፍ ጭራሹን ሳይለቅ ወይም ጥቂት ብቻ ለቅቆ ሊተው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 5.4 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በእባብ እንደሚነደፉ፣ ከእነዚህም መርዙ የሚሠራባቸው ከ1.8 እስከ 2.7 ሚሊዮን እንደሆኑ ይገምታል፤ ይህም ማለት ከተነደፈው ሰው ግማሹ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ምንም ዓይነት መድኃኒት ባያገኝም በመርዝ አይጎዳም ማለት ነው። በየአገሩ የእባብ መድኃኒት አዋቂ የተባለው ሰው ስሙ የሚገንነው፣ የሚቀባው ሥርም ሆነ የሚለጥፈው ጥቁር ድንጋይ የሚመሰገነው በአብዛኛው በዚህ ስሌት ነው። ያልተመረዘው ሰው ድኖ ምስክር ይሆናል፤ የተመረዘው ደግሞ ቀኑ ደርሶ ነው ይባላል። እርስዎም ሳያስቡት በዚሁ ስሌት ስም እያተረፉ ነው።

ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚወጣው የጮቄ ተራራ አንሥቶ እስከ አባይ በረሃ ድረስ በተዘረጋው የጎጃም ምድር፣ ከፍታው እየጨመረ ብርዱ በበረታ መጠን የእባቡ ዓይነት እየሳሳ፣ ወደ ቆላ በወረዱ መጠን ደግሞ እየበዛ ይሄዳል። የሁሉንም መልክ እዚህ መዘርዘር አይጠቅምዎትም፤ ይልቅስ ሰውን የሚያሳስቱትን ጥቂቶቹን ላንሣ። እፉኝት ወፍራም፣ አጭር፣ ራሷ ሰፋ ያለ፣ ጀርባዋ ከደረቅ ቅጠልና ከአፈር የማይለይ ናት፤ ሰው ሲመጣ አትሸሽም፤ መደበቂያዋ አለመንቀሳቀሷ ስለሆነ ባለችበት ተጋድማ ትጠብቃለች። ይህን ዝምታዋን ገርነት አድርጎ የሚወስድ ሰው ይጎዳል፤ ከእባብ ሁሉ እጅግ ፈጥነው ከሚነድፉት አንዷ እርሷ ናትና። ሁለተኛዋ ከአፈር ሥር የምትኖር፣ ቀጭን፣ ጥቁር፣ የምታብለጨልጭ ትንሽ እባብ ናት፤ ከዝናብ በኋላ ማታ ትወጣለች፤ ስትታይ የምትናቅ ትመስላለች። የዚህችኛዋ መርዛማ ጥርስ አፏ ተዘግቶ ሳለ በከንፈሯ ጎን ወጥቶ ይወጋል፤ ስለዚህ እባብ ያዦች ሁሉ የሚመኩበት፣ አንገትን ከራስ ቅል ኋላ አጥብቆ የመያዝ ዘዴ በእርሷ ላይ ጨርሶ አይሠራም። ሦስተኛው ምሳሌ ደግሞ የተገላቢጦሹ ነው፤ እንቁላል እየዋጠ የሚኖር፣ ጥርስ የለውም በሚያስብል ደረጃ የማይጎዳ እባብ አለ፤ ሲነኩት ግን ተጠቅልሎ ቅርፊቱን እርስ በርሱ እያፋጨ በቆላ የምትገኘውን ገዳይ እፉኝት አስመስሎ ድምፅ ያሰማል። መርዝ የሌለው መርዛማውን ከመሰለ፣ መርዛማዋም ደካማ ከመሰለች፣ በጎታ ሥር ጨለማ ውስጥ በስልክ መብራት አይቶ «ይሄኛውስ ምንም አይደል» ብሎ እጅን መዘርጋት ዕጣ ከመጣል አይለይም። ስለዚህ ዓይነቱን በእርግጠኝነት የማያውቁትን እባብ ሁሉ እንደ መርዛማ ይቁጠሩት፤ ከዚህ በታች የምጽፈውም ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ «ለስላሳ አያያዝ» እንምጣ። ልስላሴን የሚለካው የያዘው ሰው ሳይሆን የተያዘው እንስሳ መሆን አለበት። እባብ የዓይን ቆብ ስለሌለው ዓይኑን አይከድንም፤ በምላሱ ከአየርና ከመሬት ሽታ እየለቀመ ላንቃው ላይ ባለ የስሜት ሕዋስ ይመረምራል፤ የእርምጃዎን ንዝረት በሰውነቱ ይሰማል፤ ጆሮው ከውጭ ባይታይም ዝቅ ያለ ድምፅንም ይሰማል። ከላይ ወደ ታች የሚመጣ ማንኛውም ነገር ለእርሱ ጭልፊት ነው። ድመት ሰው ሲያሻሻት ደስ ይላት ይሆናል፤ የዱር እባብ ግን የሰውን እጅ እንደ ፍቅር የሚረዳበት ነገር የለውም፤ ዝም ካለም ወይ ፈርቷል፣ ወይ በርዶታል፣ ወይ ማምለጫ እየጠበቀ ነው። በስልክዎ ያዩዋቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ለዓመታት የሠለጠኑ፣ ፀረ መርዙን መድኃኒት በአጠገባቸው ያስቀመጡ ናቸው፤ አንዳንዶቹ የእባቡን ጥርስ ነቅለው ወይም አፉን ሰፍተው የሚያሳዩ ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ ገና ያልተነደፉ ናቸው። ሦስቱን በምስል መለየት አይቻልም። እንግዲህ እባብን በለስላሳ መያዝ ማለት በእጅ ሳይነኩ፣ መውጫ ሰጥተው፣ ወደ ፈለጉበት አቅጣጫ ራሱ እንዲሄድ ማድረግ ነው፤ እጅ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጨርሶ አይመጣም።

ለዚህ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው እባቡ የሚናገረውን ማንበብ ነው። ተዘርግቶ ምላሱን ቀስ እያለ እያወጣና እያስገባ በግድግዳ ሥር የሚሄድ እባብ መንገደኛ ነው፤ ይተዉት። አንገቱን እንደታጠፈ ክንድ ወደ ኋላ የሰበሰበ ለመሰንዘር ተዘጋጅቷል። አየር እየነፋ እንደ ወናፍ የሚያፏጭ፣ አካሉን የሚነፋና የሚያደልብ «አትቅረበኝ» እያለ ነው፤ ይህን ማስጠንቀቂያ ስድብ አድርጎ የሚቆጥር ሰው አለ፣ እኔ ግን ከእባብ ጠባይ ሁሉ የማመሰግነው ይህን ነው። ከመሬት ተነሥቶ አንገቱን የሚዘረጋው ኮብራ ደግሞ ከዓይነቱ አንዳንዱ መርዙን ወደ ፊት ይረጫል፤ የሚያነጣጥረው ዓይንን ሲሆን ከሁለት ሜትር በላይ ይደርሳል። ስለዚህ ከማንኛውም ከማያውቁት እባብ ቢያንስ በሁለት ሜትር፣ አንገቱን ካነሣው ደግሞ በአራት ሜትር ይራቁ፤ ከዚያ ርቀት ላይ ሆኖ መንደሩን ወደ ኋላ ማስመለስ፣ ልጆቹን፣ ውሻውንና ዶሮውን ማስወጣት ከግማሽ በላይ ሥራውን መጨረስ ነው። ቁጣው የሚመጣው ከእባቡ ይልቅ ከከበበው ሰው ጫጫታ መሆኑን በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

ስለ ባላ አንድ ነገር ልናገር። እንጨቱ ጫፍ ላይ እንደ ሹካ የተከፈለውን ባላ አንገቱ ላይ ተክሎ መሬት ላይ መጫን እንደ ዘዴ ይነገራል፤ እኔም ጀማሪ መምህር ሳለሁ ለተማሪዎቼ ጀግና ለመምሰል ከትምህርት ቤቱ የአትክልት ቦታ አንዱን እባብ እንዲሁ አድርጌ ያዝኩ። እባቡ አልነደፈኝም። በብልቃጥ አስገብቼ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት፤ በሁለተኛው ቀን ሞቶ አገኘሁት። ሳየው አንገቱ ታጥፏል፤ ዓይነቱም ቆይቶ ሲጣራ እንቁራሪት እየበላ የሚኖር፣ ሰውን የማይጎዳ ሆነ። የእባብ የራስ ቅልና አከርካሪ የሚገናኙበት ቦታ እጅግ ስስ ነው፤ የጎን አጥንቶቹም እንደ ስንደዶ ቀጫጭን ናቸው። በባላ የተጫነ እባብ ቢለቀቅ እንኳ በሕይወት መቆየቱ ያጠራጥራል፤ ከመሞቱ በፊት ደግሞ ያለ የሌለ ኃይሉን ተጠቅሞ ይገለበጣል፣ እጅ የሚነደፈውም ያኔ ነው። በጅራት አንጠልጥሎ መያዝም እንዲሁ አከርካሪውን ይጎዳል፤ ቀጭኑ እባብ ደግሞ በራሱ ገላ ላይ ተጠምጥሞ ሽቅብ እጅዎ ላይ ይደርሳል።

ታዲያ በጎረቤትዎ ቤት የገባውን እባብ ምን ያደርጉታል? ብዙ ጊዜ መልሱ በሩን ከፍቶ፣ ከመውጫው ላይ ሰውን አስወግዶ፣ ከሩቅ ሆኖ በዓይን እየጠበቁ አንድ ሰዓት መታገሥ ነው። እባቡ ራሱ መውጣት ካልቻለ ግን የሚያስፈልግዎት ክዳን ያለው ረጅም ባልዲ ወይም አፉ ሰፋ ተደርጎ የተቆረጠ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ረጅም እጀታ ያለው መጥረጊያ፣ ወፍራም ሱሪ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ የላስቲክ ቦቲ፣ ማታ ከሆነ ደግሞ ጥሩ ባትሪ ነው፤ የሚረጭ እባብ ካለበት ቆላ አቅራቢያ ከሆኑ መነጽርም ያድርጉ። እባብ በክፍት መሬት ላይ መታየትን ስለሚፈራ ግድግዳ ተከትሎ፣ ጨለማ ቀዳዳ ፈልጎ ይሄዳል፤ እርስዎ የሚጠቀሙት በዚህ ፍርሃቱ ነው። ባልዲውን በሚሄድበት አቅጣጫ በግድግዳው ጥግ በጎኑ ያጋድሙት፤ አፉ ወደ እባቡ ይዙር፤ ውስጡ ጨለማ እንዲሆን በጨርቅ ይሸፍኑት። ከዚያ በመጥረጊያው ከኋላው በኩል ወለሉን ብቻ ነካ ነካ ያድርጉ፤ እባቡን ራሱን አይግፉት፣ ከላይም አይጫኑት። አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ገብቶ ይጠቀለላል። ሲገባ ሮጠው ክዳን ለመግጠም አይጎንበሱ፤ መጀመሪያ በመጥረጊያው ባልዲውን ቀጥ አድርገው ያቁሙት፣ ቀጥሎ ክዳኑን ሰፊ ጎን ካለው እንጨት ወይም ከመንሽ ጫፍ ጋር አድርገው ከሩቅ ያስቀምጡበትና ድንጋይ ይጫኑበት። ክዳኑ አስቀድሞ በምስማር የተበሳሳ ይሁን። የውሃ መስመር ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ካለዎት፣ በአንድ ጫፉ ላይ ጆንያ አጥብቀው አስረው ሌላውን አፉን ለእባቡ ቢያቀርቡለት ከባልዲውም የበለጠ ይወደዋል፤ ጠባብና ጨለማ ነውና። እፉኝት ግን ስለማትንቀሳቀስ በዚህ ዘዴ ቶሎ አትገባም፤ ለእርሷ ጊዜ ይስጡ፤ እንቢ ካለች ቦታውን አጥረው ሌሊቱን ይተዉላት፤ ብዙ ጊዜ ሌሊት ትሄዳለች።

ጓንት አድርጌ በእጄ ብይዝስ እንደሚሉ እገምታለሁ፤ ለግንበኛ የሚሸጠውን የቆዳ ጓንት የእፉኝት ረጅም ጥርስ ያልፈዋል፤ ከዚህም በላይ ጓንት የለበሰ እጅ የእባቡን ስስ አጥንት ምን ያህል እንደጨመቀ አይሰማውም። ጓንት ድፍረት ይሰጣል፤ ከዚያ በቀር በዚህ ሥራ ላይ ብዙም አይረባም።

ለዓመታት ያጠኑት፣ ስሙን ያለጥርጥር የሚያውቁት፣ መርዝ የሌለው የቤት እባብ ሆኖ በእጅ ከማንሣት ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ፣ የሚከተለውን ያስተውሉ። እጅዎን አስቀድመው ይታጠቡ፤ ዶሮ ወይም አይጥ የሸተተ እጅ ምግብ ይመስለዋል። ከላይ ሳይሆን ከጎን ይቅረቡ፤ ጫፉ የታጠፈና የለሰለሰ ብረት ወይም እንጨት ከፊተኛው የሰውነቱ ሲሶ ሥር አሳልፈው ከመሬት ጥቂት ብቻ ከፍ ያድርጉት፤ ሌላውን እጅዎን ከኋለኛው ግማሽ ሥር ያድርጉና ክብደቱን በሁለት ቦታ ይሸከሙለት። አይጨብጡት፤ በእጅዎ መካከል እንደ ውሃ ይፍሰስ፤ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር የኋላውን እጅ ወደ ፊት ያዛውሩ። ራሱን አይንኩ፤ ፊትዎን አያስጠጉ። ዓይኑ ጭጋግ የለበሰ መስሎ ከነጣ ቆዳውን ሊቀይር ነውና አያይም፣ ስለማያይም ይነጫነጫል፤ ሆዱ ካበጠ በልቷልና ቢያናውጡት ያስመልሳል፤ በሁለቱም ጊዜ ይተዉት። ከነከሰዎ እጅዎን አይጎትቱ፤ ጥርሶቹ ወደ ኋላ የታጠፉ ስለሆኑ የጎተተ ሰው የራሱን ቆዳ ይቀዳል፣ የእባቡንም ጥርስ ይሰብራል። መሬት ላይ ዝቅ አድርገው ይጠብቁት፤ ይለቃል። በሳሙና ታጥበው የቴታነስ ክትባትዎን ያጣሩ።

የሚለቁበትም ቦታ ዕውቀት ይጠይቃል። እርስዎ ወንዝ ዳር ድረስ መውሰድዎ በጎ ሐሳብ ነበር፤ ነገር ግን ከለመደበት ተነቅሎ ሩቅ የተጣለ እባብ መሸሸጊያውንና የአደን ቦታውን ፍለጋ ሲንከራተት መንገድ ላይ ይገደላል ወይም በረሃብ ይዳከማል። ከቤቶቹ አለፍ ባለ፣ በጥቂት መቶ ሜትር ርቀት ላይ ባለ ቁጥቋጦ ወይም የድንጋይ ክምር ይበቃል። የተከደነ ባልዲ ፀሐይ ላይ አይቁም፤ እባብ ሙቀቱን ከውጭ የሚቀበል እንስሳ ነው፣ በባልዲ ውስጥ በደቂቃዎች ውስጥ ተቀቅሎ ይሞታል። ሲለቁት ባልዲውን በረጅም እንጨት ከኋላው ገፍተው ያጋድሙትና ወደ ኋላ ይሽሹ።

መንደሩ ሌላ ጊዜ እንዳይጠራዎት ከፈለጉ ግን ከእባቡ ይልቅ ወደ አይጡ ይመልከቱ። «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» እንደሚባለው፣ እባቡ የሚኖረው እኛ በደረደርነው ካብ ውስጥ ነው፤ ወደ ቤት የሚስበው ደግሞ የተበተነው እህል ያራባው አይጥ ነው። በግብርና ሙያዎ ለአርሶ አደሩ ጎታውን ከመሬት አንሥቶ በድንጋይ እግር ላይ እንዲያቆም፣ ኩበቱንና ማገዶውን ከመኝታው ግድግዳ እንዲያርቅ፣ በግድግዳ ሥር ያለውን ቀዳዳ በጭቃ እንዲመርግ ቢያስተምሩት በእጅዎ ከያዟቸው ሦስት እባቦች የበለጠ ያድናሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ነዶ የሚያነሣ ሰው እጁን ከማስገባቱ በፊት በመንሽ ይገልብጥ፤ በሰኔ ጎርፍ ጉድጓዱን ሲሞላ እባብ ደረቅ ቦታ ፍለጋ ይወጣልና ማታ ባዶ እግሩን የሚሄድ ባትሪ ይያዝ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሰው ሊነደፍ ይችላል፤ እርስዎም «አዋቂ» ስለተባሉ መጀመሪያ የሚጠሩት እርስዎ ይሆናሉና ይህን ክፍል ይያዙልኝ። የተነደፈውን ሰው አስተኝተው ያረጋጉ፤ ቀለበቱን፣ አምባሩን፣ አልቦውን፣ ጠባብ ጫማውን እብጠቱ ሳይጀምር ያውልቁ፤ የተነደፈውን እጅ ወይም እግር እንደተሰበረ አጥንት በእንጨት ደግፈው ሳያጠብቁ ያስሩ። በገመድ ወይም በጨርቅ አንቆ ማሰር፣ በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ፣ አረቄ ማጠጣት አንዱም አይጠቅምም፤ አንቆ ማሰሩና መብጣቱ ደግሞ እግር ያስቆርጣሉ፣ ደም ያስፈስሳሉ። ለሕመም ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ዳይክሎፌናክና አስፕሪን ደም መፍሰስን ስለሚያባብሱ አይሰጡ። ሰውየው በራሱ እግር አይሂድ፤ በቃሬዛ ይወሰድ፤ ካስመለሰው በጎኑ ይተኛ። እባቡን ለማሳየት ብለው አሳድደው አይግደሉ፤ ራሱ የተቆረጠ እባብ እንኳ ለብዙ ጊዜ መንከስ ይችላል፤ ከሩቅ በስልክ ፎቶ ካነሡ መልካም ነው። መርዝ ዓይን ውስጥ የተረጨበት ሰው ደግሞ ሳያሽ ለሃያ ደቂቃ ያህል በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ ከዚያ ሐኪም ይየው።

ጤና ጣቢያ ከመጓዝዎ በፊት ደውለው ፀረ መርዝ መድኃኒቱ የት እንዳለ ያጣሩ፤ በሁሉም ቦታ አይገኝምና ከአንዱ ወደ ሌላው ሲንከራተቱ የሚጠፋው ሰዓት ነው ሰው የሚገድለው። ሐኪሙ ደም ቀድቶ በደረቅና ንጹሕ የመስተዋት ብልቃጥ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ሳያንቀሳቅስ ሲያስቀምጠው ካዩ አይገረሙ፤ ደሙ መርጋቱን ወይም በመርዙ ምክንያት መርጋት ማቆሙን የሚያውቀው በዚህ ነው። ተነዳፊው ደኅና ቢመስልም አንድ ቀን ሙሉ በክትትል ሥር ቢቆይ ይሻላል። ፀረ መርዝ መድኃኒቱ በአብዛኛው የሚዘጋጀው ጥቂት በጥቂት መርዝ እየተወጋ ኃይሉን ከተለማመደ ፈረስ ደም ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሶቻቸውን ሸልመው የሚወጡት የአገው ፈረሰኞች ይህን ቢሰሙ ለፈረስ ያላቸው ክብር በአንድ ምክንያት የሚጨምር ይመስለኛል።

ስለ እናትዎ፦ እንቅልፍ ያጡት በፍርሃት ብቻ ሳይሆን ልጃቸው በእያንዳንዱ ጥሪ እንደሚሄድ ስለሚያውቁ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠሩ ባልዲውንና መጥረጊያውን ይዘው ሲወጡ ይዩዎት፤ ለመንደሩም መድኃኒት እንደሌለዎት፣ ያ የነከሰዎት እባብም መርዝ ያልነበረው ሳይሆን እንደማይቀር በግልጽ ይንገሩ። ክብርዎ ጥቂት ሊቀንስ ይችላል፤ ነገር ግን እርስዎን አይቶ እጁን ወደ ጎታ ሥር የሚሰድ ልጅ ቢኖር ተጠያቂነቱን መሸከም አይችሉም። ምናልባት ከሁሉም ይልቅ የምሰጋው ስለዚያ ልጅ ነው።

በጀሪካን ያለው እባብ ላይ ልጨርስ። እባብ ወተት አይጠጣም፤ ውሃ ከጠማው የቀረበለትን ፈሳሽ ሊቀምስ ይችላል እንጂ ሆዱ ወተት ለመፍጨት አልተሠራም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉም በጭንቀት ላይ ነው። ዓይነቱን በፎቶ አረጋግጡልኝ ማለት ከፈለጉ በባሕር ዳር ወይም በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የባዮሎጂ መምህራንን መጠየቅ ይችላሉ፤ ለፎቶው ብለው ግን ክዳኑን በእጅዎ አይክፈቱ፣ መልሱንም አይጠብቁ። ዛሬ ወተቱን ይተዉ። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ መሬቱ ገና ሙቀት እንደያዘ፣ ጀሪካኑን ወደ አንድ ከሰው የራቀ ካብ ይውሰዱት፤ አፉን ወደ ድንጋዮቹ መካከል አዙረው በጎኑ ያስተኙት፤ ክዳኑን አስቀድመው ባሰሩበት ገመድ ከሩቅ ሆነው ይሳቡትና ይውጣ አይውጣ ሳያዩ ወደ ቤትዎ ይመለሱ። ጠዋት ሲመጡ መጀመሪያ ጀሪካኑን በእንጨት ገልብጠው ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከዚያ ይውሰዱት።